የከሰረውን ክፍል መሸጥ ይገባልን?

ዛሬ እሑድ ነው። አንባቢያችን ይህን ገጽ በሚገልጥበት ሰዓት በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የሚገኘው የሰንበቴ ገበያ ደርቷል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ከብቱንና እህሉን በአንድ ሜዳ ላይ ይለዋወጣል። ነገ ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ነው።

በእነዚህ ገበያዎች የከብት ተራ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በሬውን እየነዳ የመጣ ሁሉ ገንዘብ ስለ ቸገረው ብቻ አይሸጥም፤ አስቀድሞ አስቦ የሚሸጥም አለ። በጋው እየገፋ ሣሩ ሲያልቅ በቦርከና ወንዝ የሚርሰው የጨፋ ሜዳ ለአካባቢው ከብትና ከአፋር በኩል ለሚመጣው መንጋ መጠጊያ ይሆናል። ነገር ግን ሜዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ ለሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ባለ ከብቱ የሚሸጠውንና የሚያስቀረውን መለየት ግድ ይሆንበታል። አንድ ወጣት ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህን የመሰለ በሬ ምነው ዛሬ አወጡት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሥጋው በላዩ ሳለ ካልሸጥሁት ኋላ የምሸጠው ቆዳውን ነው» ብለው እንደሚመልሱለት አያጠራጥርም። «ላሟንስ?» ብሎ ቢጨምር ግን ይቈጡታል፤ ላሟ የነገ መንጋ ናትና።

እኛ ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ሲሰሙት ከሰንበቴ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። ብዙ ዓይነት ሥራ ያለው አንድ ትልቅ ኩባንያ ከሥራዎቹ አንዱ፣ ይኸውም ስማርት ስልክ የሚሠራበት ክፍል፣ በየዓመቱ ቢከስርበት ያንን ክፍል መሸጥ ይገባዋልን? ወይስ ደግ ቀን እስኪመጣ ድረስ በሌላው ሥራ ትርፍ እየደገፈ ሊያቆየው? ባለፉት 20 ዓመታት ይህ ጥያቄ በፊንላንድ፣ በስዊድን፣ በጀርመን፣ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በኮሪያና በቻይና በሚገኙ ታላላቅ ኩባንያዎች ደጃፍ ቆሟል። እነርሱ ከሰጡት መልስ የሚገኘው ትምህርት ለእኛም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

«ይህ የባለጠጋ አገር ጭንቀት ነው፤ የከሚሴን ሰው ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተቈረቈረችው በከሚሴ ከተማ የመንገዱን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው የእጅ ስልክ መሸጫና መጠገኛ ሱቆችን ያገኛል። በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበጠ፣ የቻርጀር መግቢያው የላላ ስልክ ተደርድሯል። ባለሙያው ከሞተው ስልክ ነቅሎ በታመመው ላይ ይተክላል፤ ምክንያቱም ለብዙዎቹ መለዋወጫ ከፋብሪካ አይመጣም። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተከፈተው ቴሌብርም ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝግቧል። እንግዲህ ስልክ ለብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳና የዘመድ መገናኛ ሆኗል ማለት ነው። በሔልሲንኪ አጠገብ ወይም በሴኡል በአንድ የስብሰባ አዳራሽ የሚቈረጥ ውሳኔ ውሎ አድሮ ከዚህ ቦርሳ ይደርሳል።

ሁለተኛውም ምክንያት እንዲህ ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ነገ በአንድ የልማት ድርጅት ሒሳብ ላይ የሚቀመጡ አሉ። ያን ጊዜ «ይህ ክፍል ይቀጥል ወይስ ለሌላ ይተላለፍ?» የሚለው ጥያቄ መቅረቡ አይቀርም። ጥያቄው ሲመጣ ማሰብ ከመጀመር አስቀድሞ የሌላውን አገር ውድቀትና መነሣት መመርመር ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ስናነሣ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይሏል።

ኖክያ ሁለት ጊዜ ሸጠ

ኖክያ በ1865 በፊንላንድ የተጀመረው በእንጨት ፈጭቶ ወረቀት መሥሪያ ነበር። ቀጥሎም ጎማና የኤሌክትሪክ ገመድ ሠራ፤ ቴሌቪዥንም ሠራ። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን በዮርማ ኦሊላ መሪነት ከእነዚህ ነባር ሥራዎች እየወጣ ኃይሉን ሁሉ በቴሌኮሙኒኬሽን ላይ አዋለ። አያቶቹ የጀመሩትን ሥራ ለሌላ ማስተላለፍ ያን ጊዜ ለብዙ ፊንላንዳዊ የሚያሳዝን ነገር ሳይሆን አይቀርም። የሆነ ሆኖ በ1998 ኖክያ ከዓለም የእጅ ስልክ ሠሪዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በ2003 ያወጣው ባለ ባትሪ መብራቱ ኖክያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በእኛም አገር ማታ መንገድ ያላበራለት ሰው ጥቂት ነው።

በ2007 አፕል አይፎንን አወጣ፤ በዓመቱም በጉግል አንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮች ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚገዛ ሰው ከቀፎው ጥንካሬ ይልቅ በውስጡ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ማየት ጀመረ። ኖክያ ይህን ለመረዳት ዘገየ። በ2011 ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ በዊንዶውስ የሚሠሩ ስልኮችን ማውጣት ቢጀምርም ገዢ አላገኘም። በ2012 የአንደኝነቱን ቦታ ሳምሰንግ ወሰደበት። በመጨረሻም በመስከረም 2013 የስልክ ክፍሉን ለማይክሮሶፍት በ5.44 ቢሊዮን ዩሮ ለመሸጥ ተስማማ፤ ሽያጩም በሚያዝያ 2014 ተፈጸመ።

ያን ጊዜ ኖክያ ሞተ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ሻጩ የሸጠውና ያስቀረው ምን እንደ ነበረ መመልከት ይገባል። ኖክያ የሸጠው ስልክ መሥሪያውን ሲሆን፣ የፈጠራ መብቶቹንና የስልክ መረብ መሣሪያ የሚሠራበትን ክፍል አስቀረ። በዚያ ላይ ጨምሮ በ2016 አልካቴል ሉሰንትን የራሱ አደረገ። ዛሬ ኖክያ የስልክ አንቴናና የመረብ መሣሪያ ከሚሠሩት የዓለም ታላላቆች አንዱ ነው፤ በ2022 በአገራችን ሥራ ለጀመረው ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያም መሣሪያ ካቀረቡት መካከል ይገኛል። በሬውን ሸጦ ላሟን አስቀረ ማለት ይህ ነው።

የገዢው ዕድል ግን ሌላ ሆነ። ማይክሮሶፍት ግዢውን ከጨረሰ 15 ወር ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ 2015፣ በዚሁ ሥራ ምክንያት 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ሰረዘ፤ እስከ 7,800 የሚደርሱ ሠራተኞችንም ለመቀነስ ወሰነ። በ2016 ደግሞ የቀረውን የባለ ቁልፍ ስልክ ሥራ በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኤች ኤም ዲና ለፎክስኮን ቅርንጫፍ አስተላለፈ። በዚህ ጊዜ በየአገሩ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ቤቱን ፈትቷል። ስለዚህ ሽያጩ ለኩባንያው ጥበብ ቢሆንም ለሰው ሁሉ ደስታ ነበር ማለት አይቻልም።

የስዊድኑ ኤሪክሰንም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከጃፓኑ ሶኒ ጋር በ2001 ያቋቋሙትን የስልክ ኩባንያ ድርሻውን በ2012 በ1.05 ቢሊዮን ዩሮ ለሶኒ ለቀቀና ፊቱን ወደ መረብ ሥራ መለሰ። በ2014 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከማስፋፊያ ሥራው ከፊሉን ሲሰጥ ተረካቢው ይኸው ኤሪክሰን ነበር። ስልክ መሥራት የተወ ሁሉ ከስልክ ዓለም አልወጣም።

የዘገየና ገዢ ያጣ

በጊዜው ያልሸጡትስ ምን ደረሰባቸው? የጀርመኑ ሲመንስ የእጅ ስልክ ክፍሉን በ2005 ለታይዋኑ ቤንኪው ሲያስተላልፍ ገንዘብ አልተቀበለም፤ እንዲያውም 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ጨምሮ ሰጠ። ሥጋው አልቆ ቆዳው የቀረ ከብት ለገዢው ከነመኖው ይሰጣል እንደ ማለት ነው። ገዢውም ሊያነሣው አልቻለም። በመስከረም 2006፣ ማለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጀርመን የነበረው ድርጅት መክሰሩን አስታወቀ፤ 3,000 ያህል ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። ሲመንስም ሰዎቹን ከደጁ አስወጥቶ ለማይችል ሰው ሰጠ ተብሎ በአገሩ ሕዝብ ፊት ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት።

የኮሪያው ኤልጂ ነገርም ተመሳሳይ ነው። በ2013 ከሳምሰንግና ከአፕል ቀጥሎ 3ኛ ሆኖ ነበር። ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ ግን 23 ሩብ ዓመታት በተከታታይ ከስሮ ኪሣራው 4.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። ገዢ ተፈለገ፤ የሚስማማ አልተገኘም። ስለዚህ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 የስልክ ሥራውን ጨርሶ መዝጋቱን አስታወቀ። የካናዳው ብላክቤሪም እንዲሁ በ2013 ለኩባንያው በሙሉ የቀረበለት የ4.7 ቢሊዮን ዶላር ሐሳብ ሳይፈጸም ቀርቶ፣ በ2016 ስልክ በራሱ መሥራቱን አቆመ። እርሱን ያዳነው በ2010 የገዛው ኪውኤንኤክስ የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ ይህም ሶፍትዌር ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ተሽከርካሪዎች ውስጥ ይሠራል።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ ኪሣራው በገበያ የታወቀበት ሻጭ ዋጋውን የሚቈርጠው ገዢው ይሆናል። ከብትን ከስልክ ሥራ የሚለየውም አንድ ነገር አለ። የከሳ በሬ ዝናም ሲመጣ ሊያገግም ይችላል፤ የስልክ ሥራ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ያረጃል። የዘንድሮው ስልክ ለከርሞ ከዋጋው ይወርዳል፤ ጎበዝ መሐንዲስም የሚዘጋ ቤት ሲሸተው ቀድሞ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ በመጨረሻ ለሽያጭ የሚቀርበው የኩባንያው ስምና ባዶ አዳራሹ ነው።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ

በዚህ ጉዳይ የሚቃወሙት ሰዎች ሐሳብ ቀላል ስላልሆነ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። አንደኛ፣ ስልክ ኩባንያው ከደንበኛው ጋር የሚገናኝበት በር ነው፤ በሩን የሸጠ ቤቱን ማን እንደሚገባበት አያውቅም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ስልክ በመሥራት የሚገኘው ዕውቀት ለሌላው ሥራ ይተርፋል ይላሉ። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተበተነ የባለሙያ ማኅበር ተመልሶ አይሰበሰብም ይላሉ።

ለዚህም ምስክር አላቸው። ጉግል በ2012 ሞቶሮላን በ12.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2014፣ በ2.91 ቢሊዮን ዶላር ለቻይናው ሌኖቮ ለመሸጥ ተስማማ፤ አብዛኞቹን የፈጠራ መብቶች ግን ለራሱ አስቀረ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስልክ መሥራት አስፈልጎት በ2017 ከታይዋኑ ኤችቲሲ መሐንዲሶችን ለመውሰድ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ሶኒም የስልክ ሥራውን አሳንሶ ይዞት ቆየ፤ የሚሠራቸውንም የካሜራ ዓይኖች ለሌሎች ስልክ ሠሪዎች፣ ለአፕል ጭምር፣ ይሸጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሁዋዌ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2019 በጣለበት ማዕቀብ ምክንያት ዕቃ ማግኘት ሲቸግረው፣ በኅዳር 2020 ኦነር የተባለውን የስልክ ክፍሉን ከ30 በላይ ነጋዴዎችና አከፋፋዮች ላሉበት ማኅበር ሸጠ። ኦነር ከማዕቀቡ ጥላ ወጥቶ ዕቃ አቅራቢዎቹን መልሶ አገኘ። ሁዋዌም በራሱ ስም የሚሠራውን ስልክ ሳይለቅ ታግሦ በነሐሴ 2023 በአዲስ ስልክ ወደ ገበያው ተመለሰ። አንዱን ክፍል ለማዳን ሸጠ፤ ሌላውን ለማዳን ያዘ።

ከዚህ እንደምንረዳው ኪሣራ ብቻውን የመሸጥ ምክንያት አይሆንም። ጥያቄው ኪሣራው ከየት መጣ የሚለው ነው። ኪሣራው ከውጭ እንደ ወጀብ የመጣና የሚያልፍ ከሆነ፣ ባለሙያውም ዕውቀቱም በቤቱ ካለ፣ መታገሥ ብልኅነት ነው። ኪሣራው የመጣው ሥራው ለኩባንያው እንደ ትርፍ ሥራ ስለ ሆነና፣ ያንኑ ሥራ ዋና ሙያቸው ያደረጉ ሌሎች ስለ በለጡት ከሆነ ግን፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር ኪሣራው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከሚሴ ሱቆች የሚታዩትን ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የተባሉ ስልኮች የሚያወጣው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2006 የተቋቋመ ነው። ታላላቆቹ በሀብታም አገር ገበያ ሲፎካከሩ እርሱ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ጥቁር ፊትን አጥርቶ የሚያነሣ ስልክ ሠራ፤ የአማርኛ ፊደልም አስገባበት። ካርልኬር የሚባል የራሱን የጥገና ድርጅትም አቆመ። በ2011 በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ጀመረ። ለትራንሽን ስልክ ዋና እንጀራው ነው፤ ለኤልጂ ግን ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ጎን የሚቆም አንድ ክፍል ነበር። ፉክክሩን ማን እንዳሸነፈ የከሚሴ ጠጋኝ ጠረጴዛ ይመሰክራል።

ደንበኛውስ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሻጩና ስለ ገዢው ነው። በሒሳብ መዝገብ የማይጻፍ ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ እርሱም ስልኩን ቀድሞ የገዛው ሰው ነው። ኩባንያ ከስልክ ሥራ ሲወጣ ስልኩ በዚያው ቀን አይሞትም። ሶፍትዌሩ ግን መታደሱን ያቆማል፤ መለዋወጫው ይጠፋል፤ ሌሎችም አገልግሎት ሰጪዎች አንድ በአንድ ይርቁታል። ዋትስአፕ በቀድሞዎቹ የኖክያ ሲምቢያን ስልኮች ላይ መሥራቱን በሰኔ 2017 አቆመ፤ ኤስ 40 በተባሉት ላይ በ2018 መጨረሻ፣ በዊንዶውስ ስልኮች ላይ ደግሞ በ2019 መጨረሻ አቆመ። የቀድሞዎቹ ብላክቤሪ ስልኮችም ጥር 4 ቀን 2022 የኩባንያው አገልግሎት ተቋረጠባቸው።

ይህ ለሀብታም አገር ሰው ስልክ መለወጫ ምክንያት ብቻ ነው። ከወሎ ምድር ግን ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄደዋል። ልጇ በጅዳ ወይም በሪያድ የምትሠራ አንዲት የደዋ ጨፋ እናት የልጇን ድምፅ የምትሰማው በዚያች ስልክ ነው። እናቲቱ ማንበብ ባትችል የተቀዳውን ድምፅ ደጋግማ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ፕሮግራሙ «ይህ ስልክ ከእንግዲህ አይሠራም» ሲላት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አታውቅም። ኖክያ መሸጡን፣ ማይክሮሶፍት መተዉን አልሰማችም። እርሷ የምታውቀው የልጇ ድምፅ መጥፋቱን ነው። አዲስ ስልክ መግዛት ደግሞ ከበግ ወይም ከፍየል አንዱን ማስወጣት ይሆንባታል።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ ክፍሉን ሲሸጥ ዕዳውንም አብሮ ማስተላለፍ አለበት ብለን እናምናለን። ዕዳ የምንለው የባንክ ብድርን ብቻ አይደለም፤ ለደንበኛው የተገባው ቃል ዕዳ ነው። ኤልጂ ሥራውን ሲዘጋ ለአንዳንድ ውድ ስልኮቹ እስከ 3 የሶፍትዌር ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በኩባንያ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚቆም ቃል የላላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ስማርት ስልክ የሚሸጥ ሁሉ ሽያጩ ካቆመ በኋላ የሶፍትዌር ማሻሻያ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎችንም ለ7 ዓመት እንዲያቀርብ አዝዟል። ሕግ ሲኖር ሻጩም ገዢውም ይህን ዕዳ በዋጋው ውስጥ አስቀድመው ያስቡታል።

ለወጣቱ ሹም የሚሆን ምክር

እንግዲህ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሐሳባችንን እንግለጥ። የከሰረ የስልክ ክፍል ያለው ኩባንያ ክፍሉን መሸጥ ይገባዋል፤ ሆኖም ሦስት ነገር አሟልቶ ነው። ጊዜው፦ ክፍሉ ገና ዋጋ ሳለው፣ ሠራተኛውም ሳይበተን ይሁን። ገዢው፦ ያ ሥራ ዋና ሙያው የሆነና ሊያነሣው የሚችል ይሁን፤ ሲመንስ እንዳደረገው ከደጅ ለማስወጣት ብቻ አይሁን። የሚቀረው፦ ሥሩ፣ ይኸውም የፈጠራ መብቱና ለሌላ ሥራ የሚሆነው ዕውቀት ይቅር፤ የደንበኛው ዕዳ ግን በውል ተጽፎ ይተላለፍ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል፣ ከመጥፎ ሽያጭ ይልቅ ለሠራተኛውና ለደንበኛው ጊዜ ሰጥቶ በግልጥ መዝጋት ይሻላል።

ይህ ምክር ለስልክ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከትራክተር ጀምሮ እስከ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ድረስ ብዙ ሙያ በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። የግድቡ ሥራ ስለ ዘገየ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ያ ድርሻ ከኮርፖሬሽኑ ላይ ተነሥቶ፣ ተርባይን መሥራትና መትከል ሙያቸው ለሆነ ኩባንያዎች ተሰጠ። ግድቡም በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራን ለባለሙያው መልቀቅ ውርደት እንዳይደለ ከዚህ ይታያል፤ የሚያስቈጨው ውሳኔው ሳይወሰን ያለፉት ዓመታት ናቸው።

ደግሞም ሻጭ ሳይሆን ገዢ ሆኖ የሚቀመጥ ሹም ከዚህ የሚማረው አለ። ለመሥሪያ ቤቱ ስልክ ወይም ታብሌት የሚገዛ ወጣት ከዋጋው ጋር አብሮ «መለዋወጫው ለስንት ዓመት ይገኛል? ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል? ሠሪው ሥራውን ቢለቅ ተረካቢው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ያስጽፍ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚያዘጋጅም ሹም አገልግሎቱን በአንድ ሠሪ ስልክ ላይ አያንጠልጥለው። ቴሌብር በስማርት ስልክ ብቻ ሳይወሰን *127# በመደወል በተራ ባለ ቁልፍ ስልክም መሥራቱ እጅግ የሚመሰገን ነው። ፋብሪካው ቢሸጥም ቢዘጋም የሰንበቴው ነጋዴ የበሬውን ዋጋ በዚያች አሮጌ ስልክ ሊቀበል ይችላል።

በከሚሴ ይህን ማሰብ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዞኑ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ የሚጽፍ፣ በአማርኛ በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ፣ በሁለቱም የሚጽፍ ሰው አለ። ፊደላችን በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ስለ ገባ ማንኛውም ሠሪ ቢመጣ ቢሄድ ጽሑፋችን አይጠፋም። ቴክኖ ቢሸጥ፣ ሳምሰንግ ቢተው ፊደሉ ይኖራል። የሚያዋጣው እንደዚህ ያለውን፣ ሠሪው ሲለወጥ የማይለወጠውን መሠረት መጣል ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የወደቁት ዕውቀት አጥተው አይደለም፤ ሒሳቡ የሚነግራቸውን ነገር ለመስማት ስላልፈቀዱ ነው። ትናንት አንደኛ የነበረ ሰው ዛሬ አራተኛ መሆኑን ማመን ይከብደዋል። ሹመትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ሹም ራሱ የጀመረውን ሥራ ከስሯል ብሎ ለአለቃው መጻፍ ያፍራል፤ ስለዚህ ሌላ በጀት ይጠይቃል፤ ያም በጀት ያልቃል። በመጨረሻ ሲናገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ዛሬ ማታ የሰንበቴ ገበያ ሲፈታ፣ በሬያቸውን የሸጡት ሽማግሌ ገንዘባቸውን በስልካቸው ተቀብለው ላማቸውን ወዳስቀሩበት ቤት ይመለሳሉ። በሬውን ስለ ሸጡ አያፍሩም። ገዢውን አይተውታል፤ ዋጋውንም ተስማምተውበታል። ከዚህ የሚበልጥ የንግድ ትምህርት በትልልቆቹ ኩባንያዎች የስብሰባ አዳራሽ ይገኛል ብለን አናስብም።